ከሰዓት የሚሞተው ኢንተርኔት፦ ከፍኖተ ሰላም አንድ የሙቀት ጉዳይ

መጋቢት አጋማሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወሉልኝ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በርበሬና እህል የሚነግዱ እናት ናቸው። ከድሮም እትዬ ነው የምላቸው።

«የኔ ልጅ፣ ይኸ ኢንተርኔት ጧት ደህና ነው። ከስምንት ሰዓት በኋላ ይሞታል። ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ይነሣል። ምን ሆኖ ነው?»

ነገሩ ገና ከስልኩ ግማሹ ገባኝ። የመስመር ችግር ብዙ ጊዜ ፀሐይን እየተከተለ አይመጣም። ሰው ስለበዛበት የሚዘገይ ኢንተርኔት ደግሞ ማታ ማታ ነው የሚብሰው፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲይዝ። የእትዬ ቤት ግን ማታ ደህና ነው። በፀሐይ የሚወድቅና በማታ ብርድ የሚነሣ ዕቃ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው።

ቤተሰቡ ከመደወሉ በፊት ብዙ ደክሟል። አገልግሎት ሰጪው መጥቶ መስመሩን ለክቷል። መስመሩ ጤነኛ ነው ብሎ ሄዷል። ቀጥሎ አንድ ዘመድ «ራውተሩ ነው የተበላሸው» አለ፤ ዋይፋዩን ለቤቱ የሚያሰራጨውን ዕቃ ማለቱ ነው። አዲስ ተገዛ። ሁለት ቀን ደህና ሰነበተ፤ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እንደ ድሮው ሆነ። ከዚያ ልጃቸው የጠረጴዛ ፋን አምጥታ ወደ ዕቃው አዞረች። እሱም አልረዳም።

ይህን ጉዳይ ከነስህተቴ ልጽፈው የወሰንኩት ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚበዛብኝ ነው። ከደጀን በረሃ ዳር እስከ ባሕር ዳር ያሉ ሰዎች «ራውተሬ ይግላል፣ ፋን ላድርግበት?» ይሉኛል። አዎ ወይም አይ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን እንዲያ ያለ መልስ ማንንም አይረዳም።

ቤቱን ሳየው

ሱቁ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ነው። ሳሎኑ ከሱቁ በስተኋላ ነው፤ በመካከል አንድ በር ብቻ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ኮርኒስ ተመትቷል። ምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ከሰዓት ፀሐዩን ሙሉ ይቀበላል። እጄን አስደግፌው ነበር፤ ምጣድ ከወረደ በኋላ እንዳለ ምድጃ ይሞቃል። ትልቁ ቡፌ የቆመው እዚያ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ነው።

ቡፌው ጥሩ የእንጨት ሥራ ነው። መካከሉ ላይ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር የመስታወት በር ያለው ሣጥን። ዕቃው ሁሉ እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው። ከታች የካሜራው መቅጃ ዲቪአር። እሱ ላይ የቴሌቪዥኑ ዲኮደር። ዲኮደሩ ላይ ኢንተርኔቱን ከመስመሩ የሚቀበለው ሞደም። ሞደሙ ላይ አዲሱ ራውተር። ጥግ ላይ የኔትወርክ ሽቦ የምታከፋፍል አንዲት ትንሽ ሱዊች። ከዚህ ሁሉ በላይ እትዬ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተዘርግቷል። ዳር ዳሩ የወይን ዘለላ የመሰለ ጥልፍ አለው። ዳንቴሉ የራውተሩን ቀዳዳዎች ከላይ ሙሉ በሙሉ ዘግቷቸዋል። ከኋላ ደግሞ ዲቫይደር ተኝቷል፤ አዳፕተሮቹ ሁሉ ተጠጋግተው ተሰክተውበታል።

የመስታወቱን በር ስከፍተው ፊቴን ሙቀት መታኝ። ሙቀት መለኪያዬን አወጣሁ። ሰዓቱ 9 ከሰዓት ነው። ሳሎኑ 29 ዲግሪ። የሣጥኑ ውስጥ አየር 45። የሞደሙ ገላ 58። ዲቪአሩ በራሱ ሜኑ ላይ የሃርድ ዲስኩን ሙቀት ያሳያል፤ እሱም 58 ብሏል።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። የአብዛኛው የቤት ራውተር መግለጫ «ከ0 እስከ 40 ዲግሪ» ይላል። ይህ ቁጥር የዕቃውን ገላ አይመለከትም። ዕቃው ዙሪያ ያለውን አየር ነው የሚመለከተው። ስለዚህ የራውተር ገላ 50 መሆኑ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው 45ቱ ነው። ሳሎኑ 29 ሆኖ ዕቃው ከተፈቀደለት በላይ በሆነ አየር ውስጥ ይኖራል። ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን በፍጹም አያውቅም፤ ለእሱ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው።

ቀጥሎ ሁሉንም በአንድ መለኪያ ላይ ሰክቼ የሚበሉትን መብራት አየሁ። ዲቪአሩ ከነዲስኩ 16 ዋት፣ ዲኮደሩ 12፣ ሞደሙ 9፣ ራውተሩ 8፣ ሱዊቿ 3። ድምሩ 48 ዋት። ትንሽ ይመስላል። ግን ኤሌክትሮኒክስ የበላውን መብራት ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። 48 ዋት ማለት የድሮ አምፖል በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ቀን ከሌት እየበራ ነው ማለት ነው።

እውነተኛው ጥፋተኛ

አንድ በአንድ ስፈትሽ ቴስተሬን በሞደሙ አዳፕተር ላይ አደረግሁ። ጀርባው ላይ 12 ቮልት ይላል። ሥራ ላይ ሆኖ፣ በዚያ ሙቀት፣ የሰጠኝ 10.4 ነው። ነቅዬ ግማሽ ሰዓት በረንዳ ላይ አስቀመጥኩትና መልሼ ሰካሁት። 12.1 ሰጠ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ወረደ።

ይኸው ነው በሽታው። አዳፕተሩ ሲግል ይደክማል፤ ሞደሙ በቂ መብራት ስለማያገኝ ይጠፋና ይነሣል፤ እስኪነሣ ሦስት አራት ደቂቃ ይወስዳል፤ ተነሥቶ ሳይረጋ እንደገና ይወድቃል። ሰው «ኔት የለም» ይላል። አዲስ የተገዛው ራውተር ምንም አላመጣም፤ አሮጌው ራውተርም መጀመሪያውኑ ጤነኛ ነበር።

አዳፕተሩን ሱቄ ወስጄ ከፈትኩት። ይህን ቤታችሁ አታድርጉት፤ ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር፣ መብራት የሚያጠራቅመው ጣሳ መሰል ዕቃ፣ ከተነቀለም በኋላ ሊመታ ይችላል። ወደ ሞደሙ መብራት በሚወጣበት በኩል ያለው ትንሹ ካፓሲተር አናቱ አብጧል። ጤነኛ ካፓሲተር አናቱ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ነው። ይኸኛው ግን እርሾ እንደ በዛበት ሊጥ ጉብ ብሎ በመስቀለኛው ምልክት ላይ ሊሰነጠቅ ደርሷል። ከሥሩ ቡናማ ነገር አውጥቷል።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ ፋን ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ነው። እነዚህ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ሙቀት ያንን ፈሳሽ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ባለሙያ የሚጠቀምበት የግምት ሕግ አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል። ብዙው ካፓሲተር ላይ 105 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል። ተራ የሆነው በዚያ ሙቀት 2,000 ሰዓት ይቆያል ተብሎ ነው የሚሠራው። በ75 ዲግሪ ቢሠራ ስምንት እጥፍ፣ 16,000 ሰዓት ይሆናል። በ55 ዲግሪ 64,000። ዓመት ደግሞ 8,760 ሰዓት ነው፤ ሞደም ሌሊትም አይተኛም። እንግዲህ አስሉት። የመጀመሪያው ሁለት ዓመት አይሞላም። ሁለተኛው ከሰባት ዓመት ያልፋል። ዕቃው አንድ ነው፤ የተለየው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

አዳፕተሩን በዚያው ቀን ቀየርኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኢንተርኔቱ ከሰዓት መጥፋቱን አቆመ። ፋኑ ገና አልመጣም ነበር። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ፋን ገጥሞ «ተፈታ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የታመመውን አዳፕተር እዚያው ትቶት ነው የሚሄደው። ለተወሰነ ጊዜ ይሻለዋል። ከዚያ ይመለሳል። ይህ ቤት ፋን የሚያስፈልገው ሞደሙ፣ ራውተሩና ሃርድ ዲስኩ እንደ አሮጌው አዳፕተር እንዳይሆኑ ነው።

ያለ ፋን እስከ የት?

ፋን ከመግዛት በፊት በነፃ የሚገኘው ይወሰድ። ዕቃዎቹን ከላይ ከላይ መደራረብ ማለት የታችኛው ሙቀት ለላይኛው ምሳ ሆነ ማለት ነው። አለያየኋቸው። ዲቪአሩ ለብቻው ከታች፤ ሞደሙና ራውተሩ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው አራት ጣት ክፍተት ይዘው። አዳፕተሮቹን ከነዲቫይደሩ ከሣጥኑ አውጥቼ ከቡፌው ጎን አየር ላይ ሰቀልኳቸው። ቡፌውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው።

ዳንቴሉ ላይ ስደርስ ትንሽ ፈራሁ። የእጅ ሥራ ነው፤ ሰው የለፋበት ነው።

«እትዬ፣ ይኸን ዳንቴል ጠረጴዛው ላይ ብናደርገው? እዚህ ሆኖ ዕቃውን እንደ ጋቢ ነው የሚያለብሰው።»

«እሽ የኔ ልጅ። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው። ሙቀት መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ልክ ናቸው። ማንም አልነገራቸውም። አቧራውን መፍራታቸውም ትክክል ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሌላው ቡና ነው። ረከቦቱ የሚዘረጋው ከቡፌው አጠገብ ነው፤ ከሰሉም ዕጣኑም እዚያው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። የዕጣን ጢስ ቅባት አለው፤ አቧራ ሲያገኘው ይጣበቃል። የሞደሙን ቀዳዳዎች በብሩሽ ስጠርግ የወጣው ነገር ደረቅ አቧራ አልነበረም። እንደ ጥቀርሻ የሚያዝ ነገር ነው። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ ጥግ እንዲያዞሩት ለመንኳቸው። «ሃያ ዓመት እዚህ ነው ያፈላሁ» አሉ። በማግሥቱ ግን አዞሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሩ ተዘግቶ የሣጥኑ አየር 41 ሆነ። በሩ ሲከፈት 35። እንግዲህ በሩን ክፍት መተው ነበር ቀላሉ። ለብዙ ቤት ይኸው ይበቃል፣ ሌላ ምንም አትግዙ እላለሁ። እዚህ ቤት ግን አይሆንም። ድክ ድክ የሚል የልጅ ልጅ አለ። ከሱቁ ደግሞ በርበሬ ሲሰፈር፣ ሲነፋ፣ የሚነሣው ደቃቅ ዱቄት በበሩ ይገባል። ጃቢ ጠህናንና ቡሬ ዙሪያ በርበሬ አብቃይ አገር ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ ሱቁ ውስጥ ገብቶ የማያስነጥስ የለም።

የጠረጴዛው ፋን ለምን አልረዳም?

ልጅቷ ያደረገችው ማንም የሚያደርገውን ነው። ፋኑን ከፊት አቁማ ወደ ቡፌው አዞረችው። መስታወቱ ዝግ ስለነበር ነፋሱ መስታወቱን ገፍቶ ተመለሰ። በሩን ስትከፍተው ዕቃው ቀዘቀዘ፤ ግን ፋኑ የወለሉን አቧራና የሱቁን በርበሬ ጠርጎ ሞደሙ ላይ ከመረው። የመብራቱንም ነገር ለካሁ፤ ፋኑ ብቻውን 45 ዋት ይበላል። አምስቱ ዕቃዎች በድምሩ የሚበሉትን ያህል ማለት ነው። ድምፁ ደግሞ ትምህርቷን ስትከታተል አያስደምጣትም።

ዋናው ነገር የነፋሱ ኃይል አይደለም። ትኩሱ አየር መውጫ፣ ቀዝቃዛው መግቢያ ማግኘቱ ነው። ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ በወረቀት ማስላት ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ቀጭን ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አየር ክብደቱ አራት አምስተኛ ያህል ነው። አንድ ሊትሩ አንድ ግራም አይሞላም፤ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ጁል ገደማ ይበቃዋል። 48 ዋት ማለት በሴኮንድ 48 ጁል ነው። ስለዚህ በሴኮንድ 9 ሊትር አየር ብናሳልፍ አየሩ ሲወጣ ከገባበት በ5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይበልጣል። 9 ሊትር ማለት ግማሽ ጀሪካን አይሆንም። ለዚህ የሚበቃው አንድ የኮምፒውተር ፋን፣ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ ዝግ ብሎ እየዞረ ነው።

«አገራችን ወይና ደጋ ነው፣ ሙቀት አያሰጋም» የሚል አለ። ለሰው ልክ ነው። ለዕቃ ግን ቀጭን አየር ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያነሰ ነው። ያው ፋን እዚህ ሲዞር ከባሕር ዳርቻ አገር አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ሙቀት ያወጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ከዚህም ይብሳል፤ እዚያ የሚያድነው አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው።

የእኔ ስህተት

ፋኑን ከአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገላ ላይ ፈታሁት። 12 ቮልት የተጻፈበት ነው። ሦስት ሽቦ አለው፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። ቢጫው ፍጥነት ለኮምፒውተሩ የሚናገር ነው፤ በናስትሮ ጠቅልላችሁ ተዉት። የቀረውን በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ላይ አሠራሁት። ከግማሽ በታች በሆነ መብራት ስለሚዞር ድምፁ አይሰማም። ሁሉም 12 ቮልት ፋን ግን በ5 አይነሣም። ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ ራሱ መነሣቱን እዩ፤ በጣት ተገፍቶ የሚነሣ ፋን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቆሞ ይቀራል።

አናጢው በሣጥኑ ጀርባ ከላይ ክብ ቀዳዳ ቆረጠ። ከታች በኩል ደግሞ ጠባብ ረጅም መግቢያ። ፋኑን ከላይ አስሬ ትኩሱን አየር ወደ ውጭ እንዲያወጣ አደረግሁ። ትኩስ አየር በራሱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ፋኑ ያግዘዋል። መጽሐፉም የሚለው እንደዚያ ነው። የሣጥኑ አየር ወደ 35 ወረደ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለማየት ተመለስኩ። የመስታወቱን በር ገና ሳልከፍተው አንድ ነገር ታየኝ። በሁለቱ መስታወቶች መጋጠሚያ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀጭን ቀይ መስመር ተሥሏል። በእርሳስ የተሠመረ ነው የሚመስል። በጣቴ ነካሁትና አሸተትኩት። በርበሬ ነው።

ያኔ ገባኝ። ፋን አየር ሲያወጣ ሣጥኑ በየቀዳዳው ይስባል። እኔ ከታች ያዘጋጀሁት መግቢያ ብቻ አይደለም መግቢያው፤ የበሩ ስንጥቅ፣ የሽቦ ማለፊያው፣ ሁሉም ይስባል። ጽዱ ቤት ቢሆን ችግር የለውም። እዚህ ግን የሱቁን ዱቄት በገዛ እጄ ዕቃው ውስጥ እያስገባሁት ነበር። እትዬ ያንን ዳንቴል ያለበሱት አቧራ ፈርተው ነው፤ እኔ ደግሞ ዳንቴሉን አንሥቼ አቧራውን ጋበዝኩት። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

መፍትሔው መገልበጥ ነበር። ፋኑን ወደ ታችኛው መግቢያ አወረድኩትና አየር ወደ ውስጥ እንዲገፋ አዞርኩት። ፋን ወዴት እንደሚነፋ ለማወቅ ጎኑ ላይ ቀስት ይኖራል፤ ከሌለ ደግሞ የመሐሉን ሞተር የያዙት እግሮች ባሉበት በኩል ነው አየሩ የሚወጣው። ከፋኑ ፊት ማጣሪያ አደረግሁ። የላይኛው ቀዳዳ ባዶውን መውጫ ሆነ። አሁን የሣጥኑ አየር ግፊት ከውጭው በትንሹ ይበልጣል። በየስንጥቁ አየር ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አይገባም። የሚገባው ሁሉ በማጣሪያው በኩል ነው።

ማጣሪያው ላይ ሁለት ነገር ሞከርኩ። መጀመሪያ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ። ዝንብና በረሮ ያግዳል፤ በርበሬ ግን ያልፈዋል። ቀጥሎ የሴት ስቶኪንግ፣ በሁለት ድርብ፣ በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ። እሱ ያዘ። ግን አየሩንም አከበደው፤ የሣጥኑ ሙቀት ወደ 39 ወጣ። የስልኩን ቻርጀር ትቼ ከአሮጌ ራውተር የተረፈ የ9 ቮልት አዳፕተር ሰካሁበት። ፋኑ ፈጠን አለ። ድምፁ ከፍሪጅ ያንሳል። ከውስጥ በኩል ደግሞ የልጅ ጣት እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ተመታ።

ፋኑን ከራውተሩ ዩኤስቢ ላይ ስኩት የሚሉ አሉ። አልወደውም። ያ ቀዳዳ የሚሰጠው መብራት ትንሽ ነው፤ ሸክሙም ተመልሶ በዚያው በራውተሩ አዳፕተር ላይ ነው የሚወድቀው። የራሱ አዳፕተር ይኑረው። ሙቀት አይቶ የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ሰርኪዩትም አለ። እሱንም አስቤ ተውኩት። ዝግ ብሎ ሁልጊዜ የሚዞር ፋን ሁለት ዋት እንኳ አይበላም፤ የሚበላሽ ነገር አንድ ሲያንስ ደግሞ ጥሩ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ሞደሙና ራውተሩ በትንሽ ባትሪ ይቆያሉ። ፋኑ ይቆማል። ግን ዲቪአሩ፣ ዲኮደሩና ሱዊቿም አብረው ስለሚጠፉ ሣጥኑ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት 17 ዋት ብቻ ነው። ለሁለት ሦስት ሰዓት አያሳስብም።

የጋሼ ደብተር

የእትዬ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ነገሩን ከጀመርን ወዲህ የትምህርት ቤት ዓይነት ባለ መስመር ደብተር አውጥተው በቀን ሦስት ጊዜ ሙቀቱን ይጽፋሉ፦ ጧት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት 9፣ ማታ 2። የሳሎኑን በግራ፣ የሣጥኑን በቀኝ። ለእኔ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ የረዳኝ ይኸ ደብተር ነው። አንድ ቀን መለካት ምንም አይናገርም፤ ሣጥኑ ከሳሎኑ በምን ያህል እንደሚበልጥ በየቀኑ ማየት ግን ይናገራል።

ፋኑ ከተገለበጠ በኋላ ልዩነቱ 6 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ዘለቀ። መጀመሪያ 16 ነበር። ሚያዝያ ውስጥ ሳሎኑ 30 በሆነበት ቀን ሣጥኑ 36 ብሏል። የሞደሙ ገላ 46፣ ሃርድ ዲስኩ 47። ፋኑ ከተገለበጠ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ኢንተርኔት የተቋረጠው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ባትሪው ያለቀ ጊዜ ነው፤ ጋሼ ሰዓቱን ጽፈውታል።

ሃርድ ዲስኩ ግን አልዳነም። ዲቪአሩን ከፍቼ ዲስኩን በኮምፒውተር ሳየው የተበላሹ ክፍሎቹ ብዛት እየጨመረ ነው። ሙቀቱ ቢቀንስም የደረሰበት ጉዳት አይመለስም። የብዙዎቹ ዲስኮች የላይኛው ወሰን 60 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይኸ ዲስክ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ጫፍ ላይ ነው የኖረው። በአዲስ ተቀየረ። ካሜራ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁሉም ይጮኻል፤ መቅጃው ግን ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። መሞቱ የሚታወቀው ሌባ ከገባ በኋላ፣ ምስሉ ሲፈለግ ነው።

ሐምሌ ላይ የደብተሩ ልዩነት ከ6 ወደ 9 ከፍ አለ። ክረምት ነው፤ ሳሎኑ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ማንም አላስተዋለም ነበር። ጋሼ ደወሉልኝ።

«ልዩነቱ ሰፋ። ምንድን ነው?»

«ማጣሪያውን አይተውታል ጋሼ?»

ትንሽ ዝም አሉ። የቡፌው በር ሲከፈት በስልኩ ሰማሁ።

«ቀልቷል።»

ስቶኪንጉን አጥበው፣ አድርቀው፣ መለሱት። በማግሥቱ ልዩነቱ 6 ሆነ። አሁን በየወሩ አንድ ቅዳሜ ይታጠባል፤ የበርበሬው ወቅት ሲገባ በየሳምንቱ። አሮጌው ራውተር ደግሞ ከቁም ሣጥን ወጥቶ ሱቁ ውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ ከፍ ብሎ፣ ምንም ሳይለብስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጅቷ ክፍያ የሚቀበሉበትን ስልክ በእሱ ላይ አገናኝታላቸዋለች።